ሞተር ሲግል፦ ከማር እንጀራው ራዲያተር እስከ በረሃችን ትራክተር



ግንቦት ገብቷል። ዲስክ የሚያስጠግነው ዲስክ ያስጠግናል፣ ትራክተር የሚከራየው ቀብድ ይከፍላል፣ ተደራጅተው አሮጌ ትራክተር ለመግዛት ብር የሚያዋጡም አሉ። እኔ በሙያዬ የሰብል ሰው ነኝ፤ ስለ ሰሊጥ ዘር መጠን ወይ ስለ ማሽላ አቀንጭራ ብትጠይቁኝ ይሻለኛል። ሰሞኑን ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ግን «ትራክተሩ ይግልብናል»፣ «ፒክአፑ ውሃ ይጨርሳል»፣ «መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው፣ ልክ ነው ወይ?» የሚሉ ናቸው። ሲታይ ደግሞ የሰብልም ጉዳይ ነው። የሰሊጥ መዝሪያ ቀኑ አጭር ነው፤ ዝናቡ ከጠና በኋላ ጥቁሩ አፈራችን ትራክተር አያስገባም። በሰኔ መጨረሻ አንድ ሳምንት ጋራዥ የቆመ ትራክተር የዓመት ምርት ይዞ ነው የሚቆመው።

ከዚህ በፊት እንደማደርገው ዝርዝር ብቻ ጽፌ መሄድ እችል ነበር። ጥያቄዎቹን ሳያቸው ግን አንድ ነገር ደጋግሞ መጣ። ሞተር ሲግል የምናደርጋቸው ነገሮች፣ ማለትም ክዳን መክፈት፣ የወንዝ ውሃ መጨመር፣ ቴርሞስታት ማውጣት፣ «ትንሽ ይቀዝቅዝ» ብሎ መቀጠል፣ ብዙዎቹ ከታላላቆቻችን የወረስናቸው ናቸው። እነሱ ዘንድ ደግሞ ልክ ነበሩ። ማሽኑ ተቀየረ፣ ልማዱ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ ከጥንቱ ልጀምር፤ ታገሱኝ።

የመጀመሪያው መኪና ተብሎ የሚታወቀው ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ በፈረንጆቹ 1886 ፓተንት ያወጣበት ባለሦስት ጎማ ነው። ያ መኪና ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ራዲያተር አልነበረውም። ሞተሩን የከበበው ውሃ እየፈላ በእንፋሎት ይወጣል፣ በቃ፤ ማቀዝቀዣው መፍላቱ ራሱ ነበር። በፈረንጆቹ ነሐሴ 1888 የቤንዝ ሚስት ቤርታ ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ ባሏ ሳያውቅ፣ ከማንሃይም ከተማ እስከ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳችው። በመኪና ረጅም መንገድ የሄደ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት ይባላል። መንገድ ላይ በየጉድጓዱና በየጅረቱ እየቆመች ውሃ ትሞላ ነበር። ነዳጁንም የገዛችው ከፋርማሲ ነው።

ዘመኑን በእኛ ብንቆጥረው ይገርማል። ቤርታ ያንን መንገድ ከሄደች ሰባት ወር ያህል ቆይቶ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው አፄ ዮሐንስ እዚሁ መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት። ያኔ በዚህ በረሃ የሚያልፈው በቅሎና ግመል ነበር፤ የግመል «ራዲያተር» ደግሞ እንደምታውቁት ውሃ አያባክንም።

መኪናን ከመፍላት ያወጣው የጀርመኑ መሐንዲስ ቪልሄልም ማይባህ ነው። በፈረንጆቹ 1901 በወጣው መርሴዲስ ላይ አዲስ ዓይነት ራዲያተር ገጠመ፤ ከ8000 በላይ ጥቃቅን ቱቦዎች የተደረደሩበት፣ አየር በመሐላቸው የሚያልፍ። ቅርጹ የማር እንጀራ ይመስል ስለነበር በዚያው ስም ጠሩት። ከቀፎ ማር የቆረጣችሁ ሰዎች ነገሩን ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ። ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ግድግዳ ማለት ነው፤ ግድግዳው በበዛ ቁጥር ሙቀቱ ቶሎ ወደ አየር ይሄዳል። ዛሬ ትራክተራችሁ ፊት ላይ ያለው ራዲያተር የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ቀፎው በሰም ትል ሲደፈን እንደሚሞተው ሁሉ፣ ይሄም በገለባ ሲደፈን ሥራውን ያቆማል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ መጀመሪያ የገባው ሞተር መኪና አልነበረም። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በአፄ ምኒልክ ዘመን ያስመጣው፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው፣ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ነበር። እሱ ካልፈላ አይሠራም። መኪና የመጣው ከዚያ በኋላ በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለ መኪና መንገድ በሌለበት ከባሕር ዳርቻ እስከ አዲስ አበባ አምጥቶ ለምኒልክ አቀረበ። እሳቸውም ተሳፈሩበት። መኪናው ካልፈላ ነው የሚሠራው። ሁለቱ ማሽኖች በጥቂት ዓመት ልዩነት መግባታቸው ሳይሆን አይቀርም እስከ ዛሬ አንዳንድ ሽማግሌ «ባቡር» ሲል መኪናም ወፍጮም ማለቱ ሊሆን የሚችለው። ስሙ አንድ ቢሆንም ከውሃ ጋር ያላቸው ጉዳይ ግን ተቃራኒ ነው።

የጣልያን ቃላትና የጣልያን መኪና

የእኛ አካባቢ መኪና በብዛት ያየው በጦርነት ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ፓርቲው ጸሐፊ አኪለ ስታራቼ በመቶዎች የሚቆጠሩ ካሚዮኖች አሰልፎ ከአሥመራ ተነሳ፤ በምዕራቡ ቆላ በኩል አድርጎ መጋቢት 23 ጎንደር ገባ። መጋቢት ማለት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ነው።

ከጣልያን ጋር ከገቡት ካሚዮኖች ስሙ እስከ ቅርብ ጊዜ የቆየው «ትሬንታ ኳትሮ» ነው። ፊያት 634 ይባላል፤ «ትሬንታ ኳትሮ» ማለት በጣልያንኛ ሠላሳ አራት ነው፣ ከቁጥሩ ጫፍ የተወሰደ። በናፍጣ የሚሠራ፣ ከባድ፣ ሁሉ ነገሩ ብረት የሆነ። ጣልያን ከወጣ በኋላም አገር ውስጥ ቀርቶ ለብዙ ዓመት ጭነት ተሸክሟል።

ካሚዮኑ ቀርቷል፣ ቋንቋው ግን አልቀረም። ጋራዥ ግቡና ስሙ። ፋኑን የሚያዞረው ቀበቶ «ቺንጊያ»፣ የሞተሩ ራስ «ቴስታታ»፣ በቴስታታውና በሞተሩ ገላ መሐል ያለው ልባስ «ጓርኒሲዮን»፣ የፒስተኑ ቀለበት «ፋሻ»፣ ማስነሻው «ሞተሪኖ»፣ ሽፋኑ «ኮፈን»። ሁሉም የጣልያን ነው። ቴርሞስታትና ኩላንት የሚሉት ግን ከሌላ በር ነው የገቡት። የእኔ ግምት ነው እንጂ የቋንቋ ሰው አይደለሁም፣ ግን ይመስለኛል፦ የሞተር ልማዳችን የተቀረጸው ቺንጊያና ቴስታታ በተባሉበት ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ነገሮች በቋንቋም በልማድም ገና እንግዳ ናቸው።

ያ ዘመን ምን ይመስል ነበር? ሹፌሩ አጠገብ ረዳት አለ። ረዳቱ የውሃ ጣሳ ይዟል። ዳገት ሲወጣ ራዲያተሩ ይፈላል፣ ይቆማል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ውሃ ይጨመራል፣ ይቀጥላል። የድሮዎቹ ራዲያተሮች ውስጣቸው ግፊት አይይዝም ነበር፤ ክዳናቸው እንደ ድስት ክዳን ነው። መክፈቱ እጅ ቢያቃጥልም ፊት አይገሽልጥም። ቴስታታውም ብረት ስለሆነ አንድ ሁለት ጊዜ ቢፈላ ይችለዋል።

ከዚያም የቀደሙት፣ እነ ፎርድሰን ትራክተር (በፈረንጆቹ ከ1917 ጀምሮ የተሠራው)፣ ጭራሽ የውሃ ፓምፕ አልነበራቸውም። የሞቀው ውሃ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ራዲያተር ውስጥ ቀዝቅዞ ይወርዳል፤ እየዞረ ይኖራል። እንዲህ ያለው ሞተር ውሃው ከላይኛው ቱቦ በታች ከወረደ ዙሩ ይቆማል፤ ስለዚህ ሹፌሮች «ራዲያተር እስከ አፉ ይሞላ» ማለታቸው ነፍስ የሚያድን ሕግ ነበር። እንዲህ ባለ ሞተር ቀበቶው ቢበጠስ የሚቆመው ፋኑ ብቻ ነው፤ ቀስ ብሎ ቤት መድረስ ይቻላል። ዛሬ ግን በብዙ ሞተሮች ያ አንድ ቺንጊያ ፋኑንም የውሃ ፓምፑንም ይዞ ነው የሚዞረው። ቺንጊያ ተበጥሶ «እስከ ካምፕ ልድረስ» የሚል ሹፌር የአያቱን ትራክተር እየነዳ ይመስለዋል። ሁለት ኪሎ ሜትር ይበቃል፣ ሞተር ለመግደል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሁሉንም ብልሽት ሙቀት ላይ መለጠፍም ልክ አይደለም። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነው የእንግሊዙ ስሊም፣ ያኔ ብርጋዴር፣ የሕንድ ጦር ይዞ ጋላባትን ሲያጠቃ ታንኮች ነበሩት። ጋላባት ማለት ከመተማ ዮሐንስ ድልድዩን ተሻግራችሁ የምታገኟት ናት። ምሽጉን ያዙ፤ ግን ከታንኮቹ አብዛኞቹ ሰንሰለታቸው በድንጋይና በፈንጂ እየተሰበረ ቆሙ። መተማን መያዝ አልቻሉም፤ የጣልያን አውሮፕላን ሲመታቸው ወደ ኋላ ተመለሱ። በረሃውን የሚፈሩት ለሙቀቱ ነው፣ የጣላቸው ግን ድንጋዩ ነው። በዚያው ዓመት ጥር 12 ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ ከእኛ ደቡብ በኩል በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ወደ በላያ ተራራ ሲጓዙም መኪኖቹ መንገድ በሌለው ቆላ እየተያዙ ብዙ አሳይተዋቸዋል። ጓዙን የተሸከመው በሺዎች የሚቆጠር ግመል ነው፤ ግመሉም በመንገድ አለቀ።

ትራክተር ወደ እኛ የመጣበት መንገድ

ትራክተርም በጦርነት ሰበብ ነው ጎረቤታችን የደረሰ። በ1930ዎቹ አጋማሽ የሱዳን መንግሥት፣ ያኔ በእንግሊዝ እጅ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ያለውን ጦር ለመቀለብ ገዳሪፍ አካባቢ በትራክተር ማሽላ ማምረት ጀመረ። አፈሩ ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ጥቁር፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ የሚይዝ። ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የምለው) ሰቲት ሁመራ ላይ በትራክተር የሚታረስ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ተስፋፋ፤ ወደ አርማጭሆና መተማ ቆላም ዘለቀ። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ትልልቆቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት ሄዱ። በደርግ ጊዜ ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በመተባበር ናዝሬት ላይ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ቤላሩስ የምንለው በብዛት ወጣ።

ቤላሩሱ ኤምቲዜድ 80 እስከ ዛሬ የሚታረስበት ለምን እንደሆነ ለመረዳት ኮፈኑን መክፈት ይበቃል። አራት ሲሊንደር፣ 80 የፈረስ ጉልበት፣ የብረት ቴስታታ፤ ቁልፍ የያዘ ሰው ሁሉ ይደርስበታል። ፐርኪንስ ሞተር ያላቸው የድሮ ማሲ ፈርጉሰኖችም እንደዚያው። ይኼ ጥሩ ጎኑ ነው። ችግሩ፣ እነዚህ ማሽኖች የሚያስተምሩን ትዕግሥት በሌላው መኪና ላይ አይሠራም። ቤላሩስ ሁለት ጊዜ አፍልቶ ያልሞተለት ሰው፣ ፒክአፕ ሲገዛም «ችግር የለውም፣ ይቀዘቅዛል» ይላል። የብዙዎቹ ቀላል መኪኖች ቴስታታ ዛሬ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲግል ከብረት ይበልጥ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ጠሞ ይቀራል። አንድ ጊዜ በደንብ መጋል ይበቃዋል፤ ጓርኒሲዮኑ ይበላል፣ ውሃው ወደ ሲሊንደር ይገባል።

ውሃ የማይፈልጉም ነበሩ እኮ። ቮልስ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ዶይትዝ ትራክተርም እንደዚሁ። ራዲያተር የለም፣ ፍሳሽ የለም። ግን ክንፎቻቸው መሐል አቧራና ዘይት ተጋግሮ ሲደፈን ሳያስጠነቅቁ ይግላሉ፤ እንፋሎት የላቸውማ! እንፋሎት እኮ የሚያስቆጣ ነገር ቢሆንም መልእክተኛ ነው።

አሁን ወደ ክዳኑ ልምጣ፤ ትልቁ ለውጥ እዚህ ነው። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት እንደ ቦታው ከፍታ ይለያያል። መተማ 700 ሜትር ገደማ ላይ 97 ወይም 98 ዲግሪ ሲሆን ይፈላል፤ አይከል ወይ ጎንደር፣ ከ2000 ሜትር በላይ፣ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እንግዲህ አስቡት፦ ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ ከነጋዴ ባሕር ወደ አይከል ሲወጣ ሞተሩ ከሁሉ በላይ በሚደክምበት ዳገት ላይ ነው ውሃው ቶሎ የሚፈላው። አዲስ ሹፌር «ወደ ደጋ እየወጣሁ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ እንዴት ይግላል?» ይላል። ለዚህ ነው።

መፍትሔው ግፊት የሚይዝ ክዳን ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ እየተስፋፋ የመጣ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 13 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ ውስጡ ያለውን ግፊት ነው። ይህ ግፊት ውሃው ከ20 ዲግሪ ያላነሰ ጨምሮ እንዲፈላ ያደርጋል። ስለዚህ ዛሬ ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ 105 ዲግሪ ሆኖ ሳይፈላ ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ክዳኑን በከፈታችሁ ቅጽበት ግፊቱ ይወጣል፣ ያ ሁሉ ውሃ በአንዴ ይፈላል፣ ፊታችሁ ላይ ይመጣል። የትሬንታ ኳትሮ ረዳት ያደርገው የነበረውን ዛሬ የሚያደርግ ልጅ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። የላይኛውን ቱቦ በጨርቅ ጨመቅ አድርጉት፤ ድንጋይ ከሆነ አትንኩት። በእጅ የሚያዝ እስኪሆን፣ ግማሽ ሰዓትም ይሁን አንድ ሰዓት፣ ጥላ ሥር ቁጭ በሉ።

እዚሁ ላይ ሌላ ልማድ አለ፦ «ቱቦ እንዳያፈነዳ» ብሎ ክዳኑን አላልቶ መንዳት፣ ወይ ላስቲኩ ያለቀ ክዳን በጨርቅ ጠቅልሎ መግጠም። ግፊት ካልያዘ ያ 20 ዲግሪ ጠፋ ማለት ነው፤ መኪናችሁን ወደ 1920ዎቹ መለሳችሁት። ሞተሩ ምንም ሳይኖረው ዳገት ላይ ይፈላል፣ መካኒክ ጋ ይሄዳል፣ ቴስታታ ይወርዳል፣ ጓርኒሲዮን ይቀየራል፤ ተመልሶም ይፈላል። አንድ የአካባቢያችን አርሶ አደር ሁለት ጊዜ ቴስታታ አስወርዶ፣ በሦስተኛው አንድ ሽማግሌ ሹፌር «ክዳኑን ቀይረህ ሞክር» አለውና ዳነ። በሙሉ ጣጣው ውስጥ በጣም ርካሹ ዕቃ ክዳኑ ነበር።

ቴርሞስታቱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ብዙ መካኒክ «ለቆላ አያስፈልግም» ብሎ ያወጣዋል። በድሮ ሞተር ቢወጣ ጉዳቱ ትንሽ ነበር፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ናፍጣ ይበላል። በኋላ በመጡ ብዙ ሞተሮች ግን ቴርሞስታቱ ሁለት በር ነው ያለው። ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ይከፍታል፣ በዚያው ጊዜ ሞተሩ ውስጥ በአቋራጭ የሚመለሰውን ይዘጋል። ስታወጡት አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ውሃው ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፣ ከፊሉ ራዲያተር ሳያይ ተመልሶ ይዞራል። «ቴርሞስታት አውጥተን ባሰበት» የምትሉኝ ለዚህ ነው። መሥራቱን መፈተኑ ከባድ አይደለም፦ በድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥሉት፣ እሳት ላይ ጣዱ፤ ውሃው ሊፈላ ሲል አፉን ካልከፈተ ይጣል፣ በአዲስ ይተካ።

መቼ ነው የሚግለው?

ይግላል ከምትሉኝ መቼ እንደሚግል ብትነግሩኝ ግማሹ ተገኘ። ቆሞ ሲሠራ ወይም በቀስታ ሲሄድ ግሎ፣ ፍጥነት ሲጨምር የሚቀዘቅዝ መኪና ችግሩ አየር ነው፦ ቺንጊያው ላልቷል፣ ፋኑ ተሰብሯል፣ ወይም ፋኑ በኤሌክትሪክ የሚዞር ከሆነ ፊውዙ ተቃጥሏል። በተቃራኒው ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ዳገትና ጭነት ላይ ብቻ የሚግል ከሆነ ራዲያተሩ ውስጡ ደፍኗል ወይ ውሃው በደንብ አይዞርም።

ትራክተር ከሁለቱም ይለያል። ቀኑን ሙሉ በሙሉ ጉልበት ይሠራል፣ ግን ከሰው እርምጃ ብዙም አይፈጥንም፤ መኪና በፍጥነቱ የሚያገኘው ነፋስ የለውም። ነፍሱ ያለችው ፋኑና ንጹሕ ራዲያተሩ ላይ ነው። ከደረቅ ሣርና ከገለባ መሐል ሲሠራ የራዲያተሩ ጥርሶች በአንድ ቀን ሊደፈኑ ይችላሉ። ከፊት ሲያዩት ንጹሕ መስሎ ውስጡ ሊደፈን ስለሚችል አምፖል ከኋላ አብሩና በፊት እዩ፤ ብርሃን ካላለፈ አየርም አያልፍም። ስታጥቡ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ አይደለም፤ አለዚያ ገለባውን የባሰ ትጠቀጥቁታላችሁ። የላቫጆ ኃይለኛ ውሃ ጥርሶቹን ያጣምማል፤ ቀስ ያለ ቱቦ ይበቃል።

የውስጡ መደፈን ደግሞ የውሃችን ጉዳይ ነው። ከተማችን ሸሕዲ ሌላ ስሟ ገንዳ ውሃ ነው፤ የራዲያተርም የላይኛው ዕቃ ገንዳ ይባላል፤ ስም ይገጣጠማል። ግን ከወንዝም ከጉድጓድም የምንቀዳው ውሃ ጨዋማ ነው። ጀበናችሁ ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ልባጥ አይታችኋል? እሱ ሞተር ውስጥም ይቀራል። የወንዙ ደለል ሲጨመርበት ጠባቦቹን ቱቦዎች አንድ በአንድ ይዘጋቸዋል። ኩላንት ውስጡ ከዝገት የሚከላከል ነገር ስላለው ይመረጣል። እሱ ካልተገኘ ክረምት ላይ ከቆርቆሮ ቤት የወረደ የዝናብ ውሃ፣ የመጀመሪያው አቧራ ከታጠበ በኋላ፣ በንጹሕ ጀሪካን አስቀምጡ፤ ለራዲያተር ከወንዝ ውሃ በብዙ ይሻላል። ያፈሰሰ ራዲያተር ላይ እንቁላል መስበር፣ በርበሬ መጨመር የድሮ ሹፌሮች በብዙ አገር የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ ለአንድ ቀን ያደርሳል፣ ግን የሚደፍነው ቀዳዳውን ብቻ መስሎአችሁ ከሆነ አይደለም።

ጓርኒሲዮን የተበላ እንደሆነስ? ውሃው ይጎድላል፣ ግን መሬት ላይ ጠብታ አታገኙም። ጠዋት ሲነሳ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ አይተውም። የዘይት ክዳኑ ሥር ቡናማ አረፋ፣ ወተት የተቀላቀለበት ሻይ የመሰለ፣ ታያላችሁ። ወይም ሞተሩ በቀዘቀዘበት ክዳኑን ከፍታችሁ ስታስነሱት ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል፤ የሲሊንደር ጋዝ ነው። እዚህ ከደረሰ በዝናብ ውሃም በእንቁላልም አይዳንም፤ ቴስታታው ወርዶ፣ ተስተካክሎ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ይገባል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የሙቀት ቆጣሪው መርፌ ወደ ቀይ ሄዶ ሄዶ በድንገት ወደ ቀዝቃዛው ከወረደ «ተሻለው» አትበሉ። ቆጣሪው የሚለካው ውሃውን ነው፤ ውሃው ካለቀ የሚለካው የለም። ያኔ ወዲያው አጥፉ። ውሃው ኖሮ መርፌው ብቻ ከወጣ ግን ዲስኩን አንሱ፣ ማርሹን ነጻ አድርጉ፣ ፋኑ እየዞረ ጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት አሠሩት፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ግን ብረቱንም ይሰነጥቀዋል፤ የትሬንታ ኳትሮ ዘመን ሰዎችም ይህን አያደርጉትም ነበር።

ብር አዋጥታችሁ አሮጌ ትራክተር ልትገዙ ለምታስቡ፣ ቀጠሮውን ጠዋት በማለዳ አድርጉት። ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ፣ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። በቀዘቀዘበት ክዳኑን ክፈቱ፣ የውሃውን ቀለም እዩ፤ ዝገት ይሁን ዘይት ይንሳፈፍበት። የዘይት ክዳኑን ገልብጡ። ከዚያ አስነሱና ዲስክ ስጡት፣ ጥቁር አፈር ላይ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ይረስ፤ ጠፍጣፋ መንገድ ላይ እየዞሩ ማየት አይጠቅምም። ካቆማችሁት በኋላ ቶሎ አትሂዱ፣ ሩብ ሰዓት ቆዩና ሥሩን እዩ፤ ፓምፑ ካፈሰሰ ያኔ ነው ጠብ የሚለው። ይህንን ሻጩ እንቢ ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ሌላ ፈልጉ፤ ሰኔ 20 ላይ ከሚቆምባችሁ ዛሬ ባዶ እጃችሁን መመለሱ ይሻላል።